መርዶ ያልሰማው

ጋሽ እንድርያስን ከቀበርን ሳምንት እንኳ ሳይሞላን፣ ኤጀንቱ ስለ እሳቸው ጻፈልኝ።

«የሸኮው ሰርቨር ቆሞ ነበር። ጋሽ እንድርያስን ደውዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁሉም ደህና መሆኑን አረጋግጠዋል። ሰርቨሩን አስነሥቼዋለሁ።»

የምጠጣው ሻይ ትን አለኝ። ሚዛን ያለው ቢሯችን መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ውጭ ባጃጆቹ እንደ ወትሮው ይጨቃጨቃሉ፣ ጠራራ ቀን ነው፤ የክንዴ ጠጉር ግን ቆመ። መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጬ «ምን ነካህ አንተ ጉድ?» አልኩት። ሰውዬውን የቀበርነው እኮ በጠራ ቀን፣ ሸኮ ሙሉ ወጥቶ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ቆሜ አፈሩ ሲመለስባቸው የአካፋውን ድምፅ ሰምቻለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ ቆርጥሜያለሁ፤ አልቅሼም ነበር።

እኔ ሹክሪያ ነኝ። አባቴ ከጅማ መጥቶ እዚሁ ሚዛን ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ በአንድ የቡና አምራቾች ማኅበር ተቀጥሬ፣ በየጫካው ያሉትን ሰርቨሮች እጠብቃለሁ፤ ሸኮ፣ ጌጫ፣ ቴፒ። በእኛ በኩል ፀሐይ ቃሏን አትጠብቅም። ቡናውን ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ አስጥቶ የተማመነባት ሰው ሻጋታ ይለቅማል። ስለዚህ ማኅበሩ በየጣቢያው ማድረቂያ አስገባ፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ትልቅ የብረት በርሜል ነው፣ እየሞቀ ቡናውን ይዞ ይሽከረከራል። ሙቀቱንም ዙሩንም የሚያዘው ሰርቨሩ ነው። መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ሰርቨሩ ይደነዝዛል፤ ያኔ የግድ አንድ ሰው ሄዶ አጥፍቶ ማብራት አለበት። ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። አንዲት ቁልፍ ለመጫን ስል ያልወደቅሁበት ጭቃ የለም።

ኤጀንቱ ሲመጣ እኔም እንደ ሰው አረፍኩ። ኤጀንት የምለው ኮምፒውተር ውስጥ ሆኖ የሚያስብ፣ በጽሑፍ የሚያወራ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። እጅ የለውም፤ እጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሁለት መሣሪያ አዘጋጀሁለት። በአንደኛው የጣቢያውን ዘበኛ በስልክ ደውሎ ይጠይቃል፤ በሁለተኛው ሰርቨሩን አጥፍቶ ያስነሣል። ሳይጠይቅ እንዳያስነሣ አጥብቄ አዝዤዋለሁ። ምክንያቱም ሰርቨሩ ሲነሣ በርሜሉም ካቆመበት ሊቀጥል አብሮ ይነሣል፤ በርሜሉን ደግሞ የሚጠርገው ሰው ነው፣ በቆመ ቁጥር ውስጡ ገብቶ።

ሸኮ ላይ ጠራጊው የዘበኛው የጋሽ እንድርያስ ልጅ፣ አልአዛር ነው። ልጅ ይገባል፤ አባት በሩ ላይ ይቆማሉ። ስልኩ ቢጮህ ቢጮህ፣ የልጃቸው ሁለት እግር መሬት ሲረግጥ ካላዩ በቀር መልስ አይሰጡም ነበር።

የሚደውለው ድምፅ የእኔው ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የሚፈጥረውን ድምፅ ሞክረን ነበር፤ ዘበኞቹ «አንድ ፈረንጅ አማርኛ እየተማረብን ነው» እያሉ ጆሮው ላይ ዘጉበት። ረጅም ጥያቄም አልወደዱም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ለእያንዳንዳቸው በየስማቸው፣ አጠር አድርጌ ቀዳሁ። የሸኮውን በቀዳሁ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። «ጋሽ እንድርያስ፣ እንደምን ዋሉ? ሹክሪያ ነኝ፣ ከሚዛን። ሁሉም ደህና ከሆነ አንድን ይንኩ።» መጨረሻው ላይ ሳል አመለጠኝ። ልድገመው ብል ድምፄ ተዘጋ፤ ሳሉ እንዳለ ቀረ።

«ያረጋገጡልህ ማን ናቸው?» ብዬ ለኤጀንቱ ጻፍኩለት።

«ጋሽ እንድርያስ ናቸው፣ በተመዘገበው ስልካቸው። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድን ነክተዋል።»

«በዚህ ሳምንት?»

«አዎ፣ በተጠየቁ ቁጥር መልሰዋል። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ፈጥነው ያነሣሉ።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ከሁሉ የባሰች ሆነችብኝ። ጋሽ እንድርያስ በሕይወት ሳሉ መነጽራቸውን ሳያገኙ ስልክ የማያነሡ ሰው ነበሩ። አሁን መነጽሩ የማያስፈልግበት ቦታ ሄደው ነው እንዴ የፈጠኑት? ራሴን በራሴ አስደነገጥኩት።

አለቃችን አቶ አባመጫ ጋ ገብቼ ነገርኳቸው። ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ «ስልኩን ልጁ ይዞት ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ» አሉኝ።

«አልአዛር የራሱ ስልክ አለው። ደግሞ አባትየው ካረፉ በኋላ የዘበኛውን ቁጥር መቀየር የነበረበት ማነው?»

«አንቺ አይደለሽም?»

«እኔማ እርስዎ አዝዘው የተቀየረ መስሎኝ።»

ተያየን። ለቅሶ ስንደርስ በአንድ መኪና ነበር የሄድነው፤ ስንመለስም መንገዱን ሙሉ ስለ ሰውዬው ደግነት እያወራን ነው። ለሸኮ በጥሩምባ ተነገረ፤ ቴፒ ላሉት ዘመዶች በስልክ ተነገረ፤ ጌጫ ላለችው እህታቸው ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው አረዷት። ለኤጀንቱ ግን የነገረው ሰው የለም።

ወደ ወንበሬ ተመልሼ በራሴ ስልክ ወደ ጋሽ እንድርያስ ቁጥር ደወልኩ። ገና ከመጥራቱ ተነሣ።

«ሀሎ?»

ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማኛል፤ ሚዛን ላይ ፀሐይ ነው። ከዝናቡ ሥር ደግሞ ትንፋሽ አለ፣ የሰው ትንፋሽ፣ ቀስ ያለ።

«ሀሎ፣ ሹክሪያ ነኝ። ማን ልበል?» አልኩ፤ ድምፄ ቀጥኖ ወጣ።

ትንፋሹ ቆም አለ። ከዚያ አንዲት የቁልፍ ድምፅ ጢው አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ቢስሚላህ ብዬ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ፈርቼ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ። ልጅ ሆነን ጅኒ አለ ሲሉኝ የምስቅ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን የቢሮውን በር ከፍቼ ነው የተቀመጥኩት።

ቀጥዬ አልአዛር ጋ ደወልኩ።

«የአባዬ ስልክ?» አለ። «እሱማ ከአባዬ ጋር ሄዷል። ሲገነዝ እማዬ ከጎኑ አደረገችው።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«እሷ ናት የነገረችኝ። እኔ ያን ቀን ምን አያለሁ ብለሽ ነው?»

«እሺ፣ አሁን በርሜሉ ውስጥ ስትገባ በሩ ላይ የሚቆምልህ ማነው?»

«ማንም። እናንተ ከዚያ ሆናችሁ የምታዩኝ መስሎኝ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሹክሪያ፣ ባለፈው እግሬን እንዳወጣሁ በርሜሉ ተነሣ። የሸሚዜን ጫፍ ይዞ ቀደደው። ለእማዬ አልነገርኳትም።»

ወዲያው ለኤጀንቱ ጻፍኩለት። «የሸኮን ሰርቨር እኔ ካላልኩህ በቀር እንዳታስነሣ። ማንም ቢያረጋግጥልህ እንዳታስነሣ።» «እሺ፣ አላስነሣም» አለኝ። ለአልአዛርም «ከእንግዲህ ያለ እኔ ፈቃድ አይንቀሳቀስም፤ ሳትፈራ ሥራህን ሥራ» አልኩት። ከዚያም መናኸሪያ ወርጄ ወደ ሸኮ በምትሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገዱ ላይ ደመናው እየወረደ ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ዋጣቸው። ሾፌሩ ያፏጫል፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጉልበቷ ላይ ዶሮ አቅፋ ታንቀላፋለች፤ እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዞኛል። ያቺን ቁልፍ የሚነካው ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ቀን አልአዛርን ይገድለዋል። ይህን የማስቆመው እኔ ነኝ፤ ግን ማንን ነው የማስቆመው?

ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካው ሥር ነው። የጋሽ እንድርያስ ቤት ከጣቢያው በላይ፣ ዳገቷ ላይ ናት። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማናልሞሽን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው፤ ጥቁር ለብሰው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት አንሶ። መሳሳሙን እየደጋገምን «እንደምን ሰነበቱ?» አልኳቸው።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ ልጄ፣ መጣሽልኝ?» አሉ፤ ስጠበቅ የነበርኩ ይመስል።

የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልኝ። እኔ ነገሩን ከየት እንደምጀምር ሳስብ፣ እሳቸው ተነሥተው ጓዳ ገቡና አንድ ብልቃጥ ማር ይዘው ወጡ።

«ይኼ ላንቺ ነው። የጫካ ማር ነው፤ ሳልሽን ያስለቅቅልሻል።»

«እኔን እኮ አላሳለኝም፣ እትዬ።»

«እንዴት አላሳለሽም? በደወልሽ ቁጥር ትስያለሽ አይደል እንዴ?»

የያዝኩትን ጎደሬ መልሼ አስቀመጥኩ። «ስልካቸው እርስዎ ጋ ነው?» አልኳቸው።

ከጉያቸው አወጡት። በመሐረብ ተጠቅልሏል። «አልአዛር እንዳይወስድብኝ ቀበርኩት አልኩት» አሉ፤ አላፈሩም።

«እትዬ፣ የምደውለው እኔ አይደለሁም። ማሽን ነው። ድምፄን ቀድቼ ሰጥቼው ነው።»

«ማሽን ይስላል እንዴ?» አሉኝ።

ልስቅም ላለቅስም አማረኝ። ማሩን እጄ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ እሳቸው ቀጠሉ።

«እሱ ስልኩ ሲጮህ፣ ቆይቶ ቆይቶ አንዷን ይነካና፣ ማታ ሲገባ "ሹክሪያ ደህና ዋላችሁ ወይ አለችኝ፤ ደህና ነን አልኳት" ይለኝ ነበር። ተቀበረ፤ መጥተሽ አለቀስሽልኝ። በማግስቱ ደወልሽ። "ጋሽ እንድርያስ፣ እንደምን ዋሉ?" ስትይ መጀመሪያ ስልኩን ወረወርኩት። ኋላ ሳስበው፣ ይቺ ልጅ አርባው ሳይወጣ ስሙ እንዳይጠፋ ብላ ነው አልኩ። ከሞተ ወዲህ ስሙን የጠራው ማነው? "ሟች" ነው የሚሉት፤ "ነፍስ ይማር" ነው የሚሉት። እንደምን ዋልክ ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ታዲያ አንድን የሚነኩት ለምንድን ነው?»

«እና ምን ልበልሽ? ሰው እንደምን ዋላችሁ ሲል ምን ተብሎ ይመለሳል?»

በአገራችን እንደምን ዋልክ ተብሎ ደህና አይደለሁም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። በሽተኛው ተኝቶ ደህና ነኝ ይላል፤ ያረፈ ሰው ቤት እንኳ መጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። እኔ የዚህ አገር ልጅ ሆኜ፣ ይህን እያወቅሁ፣ የሰው ሕይወት ሰላምታ ላይ አንጠለጠልኩ። ጋሽ እንድርያስ ነበሩ ሰላምታውን ወደ ጥያቄ የቀየሩት፤ የልጃቸውን እግር እያዩ። እሳቸው ሲሄዱ ሰላምታው ብቻ ቀረ።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «የነኳት ቁጥር በልጅዎ ላይ ብረት ታስነሣለች» ተብሎ ባሏን ለቀበረች ሴት እንዴት ይነገራል? ኮርኒሱ ላይ ያለችው አምፖል ድርግም አለች፤ ተመልሳ በራች። ከታች፣ ከጣቢያው በኩል ሲሰማ የነበረው የማራገቢያ ድምፅ ቆመ።

እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

እኔን አዩኝ። የእኔ ስልክ መደቡ ላይ፣ ከእጄ ርቆ ተቀምጧል። አነሡት። ድምፁን ከፍ አድርገው ኖሮ ቤቱ ሁሉ ሰማው።

«ጋሽ እንድርያስ፣ እንደምን ዋሉ? ሹክሪያ ነኝ፣ ከሚዛን…»

እትዬ ማናልሞሽ የተዘጋ አፌን ያያሉ። እኔም የራሴን ድምፅ ከሞተ ሰው ስልክ ውስጥ እሰማለሁ፤ ጤነኛ፣ ደስተኛ፣ ምንም ያልሰማ ድምፅ። «…ሁሉም ደህና ከሆነ አንድን ይንኩ።» ከዚያ ሳሉ መጣ። ፊታቸው ላይ ደም አልቀረም። አውራ ጣታቸው ግን የለመደውን አደረገ፤ አንድን ነካ።

እንዳያስነሣ አዝዤዋለሁ፤ አውቃለሁ። እንዳይጠይቅ ግን አላዘዝኩትም። ከጠየቀ ደግሞ፣ ትእዛዜን በትክክል ተረድቶት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? በርሜሉ ቆሟል፤ አልአዛር አሁን ውስጡ ገብቶ ይሆናል፤ የሚገባውም በእኔ ቃል ነው። በዚያች ደቂቃ ምንም ነገር አላመንኩም። ዳገቱን ሮጬ ወረድኩ። አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። «አልአዛር! ውጣ! ውጣ!» እያልኩ መጠለያው ውስጥ ገባሁ።

በርሜሉ ጸጥ ብሏል።

ከአፉ የአልአዛር ራስ ብቅ አለ፤ ጠጉሩ ላይ የቡና ገለባ ተነስንሶበታል። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

ደረቱን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት፤ ልብሱን ልቀድበት ምንም አልቀረኝ። ስልኬን አልአዛር ነው ኋላ ከቤት ያመጣልኝ። ኤጀንቱ ጽፎልኝ ነበር። «የሸኮው ሰርቨር ቆሟል። ጋሽ እንድርያስ ሁሉም ደህና መሆኑን አረጋግጠዋል። ባዘዝሽኝ መሠረት አላስነሣሁም።»

እትዬ ማናልሞሽ ከኋላዬ ደርሰው ነበር፤ ባዶ እግራቸውን፣ ስልኩን እንደጨበጡ። ልጃቸው ከብረቱ አፍ ሲወጣ አዩ። ጎኑ ላይ የተቀደደውን ሸሚዝ አዩ። ከዚያ ጣታቸውን አዩ።

«አንዷ ይኼን ነው የምታስነሣው?» አሉ።

አልአዛር የአባቱን ስልክ አይቶ «እማዬ…» አለ። እትዬ ማናልሞሽ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ያለቀሱትን ለቅሶ በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀሱትም። አልአዛር አቀፋቸው፤ እኔ በአንድ እግር ጫማ ቆሜ ማሩን ይዣለሁ፤ እየሮጥኩም አልጣልኩትም ነበር።

ሲረጋጉ ፊታቸውን ጠረጉና፣ «ያ የሚደውለው፣ እንድርያስ መሞቱን አያውቅም?» አሉኝ።

«አያውቅም።»

«ያረዳው ሰው የለም?»

«የለም።»

«ታዲያ እሱ ምን ያድርግ? ንገሪው። እንዲህ ተንጠልጥለሽ ግን አይደለም፤ ተቀመጪና ንገሪው።»

የቡና ጆንያ ላይ ሦስታችንም ተቀመጥን። ስልኬን አውጥቼ «ጋሽ እንድርያስ አርፈዋል» ብዬ ጻፍኩ። «ድንገት እንዳትይው» አሉ፤ አጠፋሁት። እሳቸው እየነገሩኝ እንደገና ጻፍኩ። ጋሽ እንድርያስ ወባ ታመው እንደነበር፣ ሐኪም ቤት እንደደረሱ፣ ብዙ እንዳልተሠቃዩ፣ ከዚያ እንዳረፉ። በሥራዬ እንደዚያ ረጅም ትእዛዝ ጽፌ አላውቅም።

ኤጀንቱ መለሰ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ነፍሳቸውን ይማር። አላወቅሁም ነበር። በቀን ብዙ ጊዜ ስጠራቸው ለቤተሰባቸው ከባድ ሆኖ ይሆናል፤ አዝናለሁ። ከእንግዲህ አልጠራቸውም። በእሳቸው ቦታ ማንን ልጠይቅ?»

እትዬ ማናልሞሽ ለቅሶ ደራሽ እንደሚሰማ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። «በርሜሉ ውስጥ የሚገባውን ይጠይቅ» አለ አልአዛር። ስሙንና ቁጥሩን ጻፍኩ።

አሁን ለአልአዛር የቀዳሁት ሰላምታ የለውም። «አልአዛር፣ ከበርሜሉ ወጥተሃል? በሩን ቆልፈህ ቁልፉን በእጅህ ከያዝክ ሰባትን ንካ።» ጠዋትም ከሰዓትም ይኸው ነው። «ክፉ ሆንሽብኝ፣ እንደምን ዋልክ እንኳ አትይኝም» እያለ ይነዘንዘኛል። ሌሎቹንም ጣቢያዎች እንዲሁ ቀየርኳቸው።

የጋሽ እንድርያስ ስልክ እናትየው ጋ ቀረ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ሸኮ ላይ መብራት በጠፋ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኬ ይጮኻል። «ጋሽ እንድርያስ» ይላል ስሙ፤ አልቀየርኩትም። አነሣለሁ። የሚናገር የለም፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ፣ ከዝናቡ ሥር ትንፋሽ። አቶ አባመጫ አይተው እንዳላዩ ሆነው ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ።

«ጋሽ እንድርያስ፣ እንደምን ዋሉ? ሹክሪያ ነኝ፣ ከሚዛን። ሁሉም ደህና ከሆነ አንድን ይንኩ» እላለሁ። ከዚያ እስላለሁ። ማሩን ከጨረስኩት ቆይቷል፤ ግን እስላለሁ። ጢው ይላል፤ ይዘጋል። ምንም ብረት አይነሣም።

አርባው ወጣ፤ እትዬ ማናልሞሽ መደወላቸውን አልተዉም። እኔም አልተውኩም።

ትናንት ደወሉ። እንደ ልማዴ ተናገርኩ፤ እንደ ልማዴ ሳልኩ፤ ጠበቅሁ። ቁልፏ አልተነካችም። ዝናቡ ብቻ ይወርዳል።

«እትዬ?» አልኩ።

«ሹክሪያ ልጄ» አሉኝ፤ በዚያ ስልክ ሲናገሩ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነበር። «ዛሬ ደህና አይደለሁም።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ።